አይተላለፍም

የጎረቤቴ ልጅ ሐኪም ሆናለች። ባለፈው ቅዳሜ ደም ግፊቴን እየለካች፣ «እትዬ አስካለ፣ በእናንተ ጊዜ አልትራሳውንድ የለ፣ ሲቲ ስካን የለ፤ ካንሰርን በምን ነበር የምታውቁት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በመዘግየት» አልኳት።

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነው። እውነቱ ግን ይኸው ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ግን መልሴ ከነከነኝ። ሁልጊዜማ አልዘገየንም። አንድ ጊዜ፣ ሰውየውን ባናድነውም፣ በሰዓቱ የደረስንለት ነገር ነበር። እሱን ሳልጽፍ ብሞት ይቆጨኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ሞልቶኛል፤ የጎደለኝ የሚሰማኝ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለወረቀት ልንገረው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ነርስነት ስጨርስ ዕጣ አወጡልንና ሲዳሞ ደረሰኝ። እናቴ «ሲዳሞ የት ነው?» ብላ ስታለቅስ፣ እኔም የት እንደሆነ ስለማላውቅ አብሬ አለቀስኩ። መጀመሪያ ገጠር ክሊኒክ ሠራሁ፤ ውሃው ከወንዝ ነው፣ መርፌው የሚቀቀለው በእንጨት ነው። ከዚያ ወደ አዋሳ አዛወሩኝ። ያኔ ሀዋሳ አንላትም፣ አዋሳ ነበረች። ዘመኑ ደርግ ነው። ከተማዋ ዛሬ ባጃጅ የሚተራመስባት አይደለችም፤ በጋሪ ነበር የምንሄደው፤ ጤና ጣቢያችን ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ተሰልፎ ይውላል፣ ስብሰባ የተጠራ ይመስል። ደሞዙን አታንሱብኝ፤ መዋጮው ሁሉ ተቆራርጦበት የሚተርፈው ለወሬም አይበቃም።

አለቃዬ ጋሽ ብርሃኑ ይባላሉ። ጤና መኮንን ናቸው። ሕዝቡ «ዶክተር» ሲላቸው «ዶክተሩ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እኔ ብርሃኑ ነኝ» ይላሉ። እንደ እሳቸው ያለ ነዝናዛ ሰው አላየሁም። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስኪሞቅ ያሻሹታል፤ እኔም እንዳሻሽ ያዙኛል። «በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ሆድ ይዋሻል» ይሉ ነበር። ቀዝቃዛ እጅ ሲያርፍበት ሆድ ይጠነክራል፤ የጠነከረ ሆድ ውስጥ ያለው አይገኝም። እስኪገባኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ጉበት የሚለኩበት መንገድ ነበራቸው። ማዳመጫውን ከጎድን አጥንቱ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡና፣ በጥፍራቸው ቆዳውን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ ይፍቃሉ። ጥፍሩ ጉበቱ ያለበት ጋ ሲደርስ ድምፁ በማዳመጫው ውስጥ ይጎላል። እዚያ ላይ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጂቪ፣ ያንን ቁስል የምንቀባበትን ሐምራዊ ቀለም፣ ነክረው መስመር ያሰምራሉ። በሽተኛው ሲመለስ መስመሩና ጉበቱ እንደተገናኙ ናቸው ወይስ ተለያይተዋል ብለው ያያሉ። ያ ነበር አልትራሳውንዳችን።

ዋናው ዐመላቸው ግን ጥያቄያቸው ነው። «ምን አመመህ?» አይሉም መጀመሪያ። «ዛሬ ምን በላህ? ስንት ሰዓት ላይ?» ነው የሚሉት። የሚቀየም ነበር። ዱቄትና ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ በሚገኝበት ዘመን ምን በላህ ማለት ገመና ማየት ነው። አንዲት እናት «ምነው ዶክተር፣ ሊጋብዙኝ ነው?» ብለው አስቀውናል። ጋሼ ግን ፍንክች አይሉም። «ሆድ ከአፍ በፊት ይናገራል» ብለው ይቀጥላሉ።

ይኼ ሁሉ ብልሃት እያለን አበራን ገደልነው። እንዲህ ስል ሐኪሟ የጎረቤቴ ልጅ ትቆጣኛለች፤ «ካንሰር ነው የገደለው» ትለኛለች። እሺ፣ ካንሰር ነው። እኛ ግን ለወራት ትከሻውን ቅባት እያሸን አቆየንለት።

አበራ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከመናኸሪያ ቀጥ ብሎ ወደኛ ይመጣል። «ሲስተርዬ፣ ግራ ትከሻዬን ብርድ መታኝ» አለ። ሾፌር ሁሉ ግራ ትከሻውን ብርድ ይመታዋል፤ መስኮቱ በዚያ በኩል ነዋ! ጋሼም «ብርድ» ብለው ካርዱ ላይ ጻፉ። ማስታገሻ ሰጠነው፣ ቅባት ሰጠነው፣ መስኮቱን እንዲዘጋ መከርነው። ተመልሶ ሲመጣ ግራ ዓይኑ ክድን ብሏል። «እንቅልፍ አጥተህ ነው» አልነው። ጓደኞቹ ሾፌሮች «አበራ በግማሽ ታሪፍ ነው የሚያልበው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እኛም ሰምተን ስቀናል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ ጋሼ አለፉና ቆሙ። የግንባሩ ቀኝ ወገን በላብ ተነክሯል፤ ግራው ደረቅ ነው። መሃሉ ላይ በማስመሪያ የተለየ ይመስላል። ጋሼ የእጃቸውን ጀርባ በአንደኛው ጉንጩ፣ ከዚያ በሌላኛው አደረጉ። ግራ እጁን ዘርግቶ እንዲያሳያቸው ጠየቁት፤ የመዳፉ ሥጋ መንምኗል። ወደ አዲስ አበባ ላክነው። ራጅ ሲነሳ ከሳንባው ጫፍ ላይ ነቀርሳ ተገኘ፤ ወደ ላይ እያደገ፣ ወደ እጁና ወደ ዓይኑ የሚሄደውን ነርቭ እየበላ ኖሯል። ሳንባው አላሳለውም፣ ደም አላስተፋውም፤ ትከሻውን ብቻ ነበር የሚያመው። ሲመለስ በሳጥን ሆኖ፣ ራሱ በሚነዳው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው የመጣው።

በማግስቱ ጋሼ ሰበሰቡንና «ብርድ ነው ያለው ማነው?» አሉ።

«እሱ ራሱ ነው» አልኩ።

«ካርዱ ላይ የጻፈውስ?»

ካርዱን አነሳሁና አየሁት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ ይዞት የመጣውን ስም አንጽፍም። ሕመሙን ይንገረን፤ ስሙን እኛ እንፈልጋለን። ሰዎች ቢያወጡለትም፣ መንግሥት ቢያወጣለትም ያው ነው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመሯት ያኔ አልገባኝም።

ካንሰር ካንሰር መስሎ ቢመጣ ምን ነበረበት! አይመጣማ። ጠጅ በቀመሰ ቁጥር አንገቱን የሚነድለው ጎረምሳ ነበረን። መጠጥ ሲያቆም ሚስቱ «ስለቴ ሰመረ» ብላ ለሰፈሩ አበሰረች። ለካ የአንገቱ ዕጢ ነቀርሳ ኖሮበት፣ መጠጥ ሲነካው ነው የሚያመው። አንዲት ሴት ደግሞ እምብርቷ እንደ ቁልፍ ጠጥሮ ነው የመጣችው፤ ሌላ ምንም የላትም፤ መነሻው ጨጓራዋ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ስናይ ጋሼ «ይኸው ደግሞ ስሙን ለውጦ መጣ» ይላሉ። ስሙን ለውጦ ሰው ሊያስገድል የነበረው ግን የጴጥሮስ ነው።

ጴጥሮስ ልብስ ሰፊ ነው። አገሩ ከምባታ፣ ሱቁ መሃል ከተማ። የእኛን ነጭ ጋውን የሚሰፋው እሱ ነበር። ድምፁ አይሰማም፤ ለመለካት እንኳ «ይቅርታ ሲስተር፣ ክንድዎን ትንሽ» ብሎ ነው የሚነካሽ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሃል አድርገው አመጡት። ጠመንጃ ይዘዋል፤ ወረቀትም ይዘዋል። ወረቀቱ ጤነኛ መሆኑ ተመርምሮ እንዲረጋገጥላቸው ይጠይቃል።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አልኩ፤ አፌ አያርፍም።

አንደኛው ነገረን። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ሁሉ ግራ እጁን ሲያነሳ ጴጥሮስ ዝም ብሎ ቆሟል። ጴንጤ ስለሆነ መጀመሪያም በክፉ ዓይን ይታያል። ከዚያ ድንገት ሕዝቡን ሰንጥቆ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ የሊቀመንበሩን ኮሌታ ያዘ። «አውልቅ! አውልቀው ነው የምልህ! ይኼ ኮት ለአንተ አይሆንህም!» አለ። በስንት መከራ አላቀቋቸው። ፀረ አብዮተኛ ተብሎ ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ይለፈልፋል፣ ግድግዳ በስንዝር ይለካል፣ ጠባቂዎቹን ይሳደባል። ከሰዓት ሲሆን ሰላማዊ ሰው ነው፤ ጠዋት ያደረገውን አላስታውስም ይላል።

«እብድ ሰዓት አይመርጥም» አለ ጠባቂው። «እያስመሰለ ነው። ፋይሉ ላይ ይተላለፍ ተብሎ ተጽፏል፤ የእናንተ ወረቀት ብቻ ነው የቀረው።»

ይተላለፍ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ከቀበሌ ወደ ላይ ይተላለፍ ማለት ነው። የተላለፈ ሰው ጥቂቱ ነው የሚመለሰው። ቤተሰብ ስንቅ ይዞ ሄዶ «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባላል። ስለዚህ ጠባቂው የጠየቀን ፊርማ አልነበረም፤ የሰውየውን ነፍስ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ጫፍ አስቀመጡና እጃቸውን ማሻሸት ጀመሩ። «ጴጥሮስ፣ ዛሬ ምን በላህ?»

«ማርታ ያመጣችልኝን ቆጮና ጎመን፣ ጋሼ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ነው ስንቅ የሚገባው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከማታ ወዲህ ምንም። እዚያ ቁርስ የለም።»

«ጠዋት ምን አደረግክ?»

ጴጥሮስ ወለሉን አየ። «ሰዎቹ የሚሉኝን አደረግኩ መሰለኝ» አለ።

አስተኛነው። ከስቷል፤ ሆዱ ግን በቀኝ በኩል ሞልቷል። ጋሼ በጥፍራቸው ፋቁ፣ አዳመጡ፣ ደግመው ፋቁ። የጂቪው መስመር ከእምብርቱ አጠገብ አረፈ። «አስኩ፣ እጅሽን አሙቂና ንኪው» አሉኝ። ነካሁት። ከቆዳው ሥር ጠንካራና ጎርባጣ ነገር አለ፤ በጆንያ ውስጥ ያለ ድንች ስትነኩ እንዲያ ነው የሚሰማችሁ። ዓይኔን ቀና ሳደርግ ጋሼ እያዩኝ ነው።

ሚስቱ ማርታ ውጭ፣ ባዶውን ሳህን በፎጣ ጠቅልላ ቆማለች። ጋሼ ጠሯትና ስለ ምግቡ ጠየቋት። መጀመሪያ ፈራች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ረቡዕ ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን እንጸልያለን... ቤት ውስጥ» አለች። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ነበር፤ በቤት መሰብሰብም ያሳስር ነበር።

«እኔ የጠየቅኩት ስለ መብል ነው» አሉ ጋሼ። «የት እንደተቀመጣችሁ ጆሮዬ አልሰማም።»

ይኼኔ ልቧ ተከፈተ። «ጸሎት መሃል ይወድቃል። ያልበዋል፣ የማይሆን ይናገራል። ወንድሞች እጅ ጭነው ይጸልያሉ። ጾም ስንፈታ ሻይ በዳቦ ይቀምስና ደህና ይሆናል። ወጣለት ብለን እናመሰግናለን። በሳምንቱ ደግሞ ይመለስበታል። አንድ ጠዋት ሁለቱንም ግራ እጅጌ አድርጎ ኮት ሰፋ። እሱ ራሱም አመነ፣ ጋሼ። ‹ማርታ፣ በእኔ ውስጥ ሌላ አለ› አለኝ። ልጆቹ ላይ ይተላለፋል ብሎ ማቀፍ ተወ። ትንሿ እየሮጠች ስትመጣ እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል።» ፎጣውን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ጋሼ ወደ ጠባቂዎቹ ተመለሱ። «ዛሬ አልፈርምም። ነገ ጠዋት አምጡት። ምንም እንዳይበላ። ሊቀመንበሩም ራሳቸው ይምጡ።»

«ሊቀመንበሩ ይመጣሉ ብለው ነው?» አለ ጠባቂው እየሳቀ።

«ያስመስላል ካላችሁ፣ ማስመሰሉን እኔ አስቆመዋለሁ በልልኝ።»

ከሄዱ በኋላ እኔ ጮህኩባቸው። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ቢሳሳቱስ? እርስዎንም አብረው ነው የሚያስተላልፉዎት!»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ግን እጃቸው ጂቪውን ደፋው።

ጠዋት ሊቀመንበሩ መጣ። ወጣት ነው፤ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ሽጉጥ ታጥቋል። ጴጥሮስን ለሁለት ደግፈው አስገቡት። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ሰው አይለይም። የክፍሉን መጋረጃ ይዞ በስንዝር መለካት ጀመረ። «አጠረ! ማነው የቆረጠው? ሌባ ሁላ!» ይላል። ያ ይቅርታ ሳይል የማይነካን ሰው!

«ይኸው ድራማው» አለ ሊቀመንበሩ።

«አስኩ፣ አርባ ፐርሰንት» አሉ ጋሼ።

አርባ ፐርሰንት የምንለው በደም ሥር የሚሰጥ ወፍራም የስኳር መድኃኒት ነው። ጥቂት ነበር የቀረን። በስሪንጋ ቀዳሁ። ሁለቱ ጠባቂዎች ያዙልኝ። ላቡ ክንዱን እንደ አሳ አሙለጭልጮታል፤ ደም ሥሩ ይሸሸኛል። መጀመሪያ ሳትኩ። ሊቀመንበሩ ተነፈሰ። ጋሼ በጆሮዬ «ቀስ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። ደግሜ ወጋሁ፤ ደሙ ስሪንጋው ውስጥ ብቅ አለ። ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ያበላሻል፤ ስለዚህ በዝግታ ነው የሚገፋው። መግፋት ጀመርኩ፤ በልቤ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ እየጠራሁ።

ግማሹ ሲገባ ጴጥሮስ መታገል ተወ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ጨፈነና ገለጠ። እኔን አየ፤ ጣሪያውን አየ፤ ሊቀመንበሩን አየ። ለመነሳት ሞከረና፣ በዚያ በምናውቀው ዝቅ ባለ ድምፁ፦

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንደምን አደሩ?» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኮትዎ ሁለተኛው ቁልፍ ላልቷል። ቢልኩልኝ አጠብቅልዎታለሁ።»

ሊቀመንበሩ ሳያስበው ቁልፉን ነካ፤ እውነትም ላልቷል። ጠባቂዎቹ የጴጥሮስን ክንድ ለቀቁ።

«ምንድነው የወጋችሁት?»

«ስኳር» አሉ ጋሼ።

«ስኳር ብቻ?»

ጋሼ ከጠርሙሱ የቀረችውን ጠብታ በማንኪያ አድርገው ሰጡት። ቀመሰ። ሰውየው ሊቀመንበር ሆኖ ማንኪያ ሲልስ ማየት እግዜር ያሳያችሁ! ሳቄን ለመዋጥ ጥጥ ፍለጋ ዞርኩ።

«ስኳር አንሶት ነው እንዲህ የሆነው እያሉኝ ነው?» አለ። «ጓድ፣ ስኳር ያነሰው አገሩ ሁሉ ነው! ይኼንን ለበላይ አካል ብጽፍ ይሳቅብኛል። ለምን አነሰው? የበሽታው ስም ይጠራ!»

እዚህ ላይ ጋሼ ተያዙ። ስኳር አነሰው የሚለው ብቻ አያስፈታውም። የሚያስፈታው ዋናው ስም ነው። እኛ አገር ደግሞ ይኼ ስም ለበሽተኛው አይነገርም፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ ተለሳልሶ፣ እንደ መርዶ ነው የሚነገረው። ጋሼ ስንት ዓመት ሲሠሩ አንድም ቀን ለባለቤቱ ፊት ለፊት ሲናገሩት አልሰማሁም። ሊቀመንበሩን «ውጭ እንነጋገር» አሉት።

«እዚሁ ይነገር። የተደበቀ ነገር አልፈልግም።»

ጋሼ ወደ ጴጥሮስ ዞሩ። ጴጥሮስ ሁሉንም ሰምቷል። «እኔ ፊት ይናገሩ፣ ጋሼ» አለ። «ሌላውን ስም ተሸክሜዋለሁ፤ ይኼንንም እችላለሁ።»

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሸሚዙን ገልጠው የትናንቱን ሐምራዊ መስመር ለሊቀመንበሩ አሳዩት። «ጉበቱ እስከዚህ ወርዷል። እጢ ወጥቶበታል። ከመቶ አንዱ ላይ ይሆናል የምንለው ነገር ነው፤ እጢው ስኳሩን ይጨርስበታል። በባዶ ሆዱ ሲያድር አእምሮው የሚበላው ያጣል። ከበላ ይመለሳል።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «የጉበት ነቀርሳ ነው።»

ሊቀመንበሩ ነቀርሳ የሚለውን እንደሰማ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበና መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። ቲቢ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚያውቀው፤ እስር ቤቱ ውስጥ እርስ በርስ ሲጨራረሱበት አይቷል።

«አይተላለፍም» አሉ ጋሼ።

ሊቀመንበሩ በመሐረቡ ውስጥ፣ «በሽታው ነው ሰውየው?» አለ።

ጋሼ ቀጥ ብለው አዩት። «ሁለቱም።»

ያን ጊዜ ለሊቀመንበር እንዲህ አይመለስም። ሰውየው ጋሼን አየ፤ ሐምራዊውን መስመር አየ። ጴጥሮስ ግን እሱን አልጠበቀም። በክርኑ ተነስቶ የጋሼን እጅ ያዘ።

«እብድ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አይደለህም።»

«ሰይጣንም... የለብኝም?»

«የለብህም።»

«ወደ ልጆቼም አይተላለፍም?»

«አይተላለፍም፣ ጴጥሮስ። ወደ ማንም አይተላለፍም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነቀርሳ ነው ተብሎ ያመሰገነ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ። ሊቀመንበሩ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ወረቀቱን ጻፉልኝ። ስሙን ሙሉውን ጻፉት» አለ። ጋሼ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ጴጥሮስ ቤቱ ገባ።

አዲስ አበባም ልከነው ነበር። መርምረው «ቤቱ ይሁን» አሉ። ስለዚህ የቀረን ሥራ ማብላት ነው። ማርታን ጋሼ አስተማሯት፤ ማታ ሲተኛ የቡላ ገንፎ፣ ሌሊት ቀስቅሳ በሶ፣ ገና ዓይኑን ሲገልጥ ሻይ በስኳር። ወንድሞቹም ገብቷቸው፣ ረቡዕ ሲመጡ እሱ እየበላ እነሱ ይጸልዩለት ጀመር። ስኳሩ ግን ከየት ይምጣ? የወር ራሽኑ ለሳምንት አይበቃውም። አንድ ቀን ማርታ ቀበሌ ሱቅ ሄዳ ስትሰለፍ ከሰልፍ አውጥተው እጥፍ ሰጧት። ማን እንዳዘዘ ባለሱቁ አልነገራትም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሊቀመንበሩን ግን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳየው ሁለተኛው ቁልፉ ጠብቆ ነበር።

እኛ ጋ ሲመጣ ጋሼ አዲስ መስመር ያሰምራሉ። መስመሮቹ እየወረዱ ሄዱ። አንድ ቀን ጋሼ ክብሪቱን ነክረው ያዙና መልሰው አስቀመጡት። «ከእንግዲህ አንለካም፤ ልብስህን ልበስ» አሉት። ጴጥሮስ ገባው። «እኔም ሰው ስለካ እንዲህ ነው፤ ጨርቁ ካለቀ ሜትሩን አጥፋለሁ» አለ። ክረምት ሲገባ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ማርታ ጤና ጣቢያ መጣች። የተጠቀለለ ነገር ይዛለች፤ ስፈታው ስኳር ነው።

«የተረፈው ነው» አለችኝ። «እንደሱ ጠዋት ታሞ ለሚመጣ ሰው ይሁን።»

ያን ጊዜ ስኳር ማለት ወርቅ ነው። «ምነው ማርታ፣ ልጆቹ አሉ አይደል? ለእነሱ አድርጊው» አልኳት።

«ልጆቹስ የእነሱን ወስደዋል፣ ሲስተር» አለች። «እነዚያን ወራት ሁሉ ታቅፏቸው ነው የተኛው። ትንሿ ዛሬም በእሱ ቦታ ካልሆነ አልተኛም ትላለች።»

ስኳሩን ተቀብዬ በጣሳ ገለበጥኩትና መድኃኒት ክፍል፣ ከአርባ ፐርሰንቱ ጎን አስቀመጥኩት። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጋሼ ከውጭ «አስኩ፣ ተረኛው ምን እንደበላ ጠይቂው» እያሉ ይጣራሉ።